ምዕራፍ ሰባት፦ ቆብ የደፋው ጊታሪስት

ባለፈው ክረምት ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ረዳቱ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ሲጣራ ቆየና በሩን ዘግቶ ወደ እኔ ሲዞር ደረቱ ላይ አራት ፊቶች አፈጠጡብኝ። አራቱም ነጭ ተቀብተዋል። አንዱ ዓይኑ ላይ ጥቁር ኮከብ አለው። ሌላው የድመት ጢም አብቅሏል። የሦስተኛው ዓይኖች ዙሪያቸውን ብር ተለቅልቀዋል። አራተኛው ምላሱን ከአገጩ በታች ዘርግቶታል። ቲሸርቱ ከሰልባጅ የተገዛ መሆኑ ያስታውቃል።

“እነዚህ እነማን ናቸው?” አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ የራሱን ደረት አየ። “እኔ እንጃ ጋሼ፣ ሬስሊንግ መሰሉኝ” አለ። ቀጥሎም ነገሩ እንዳይቀርበት ነው መሰለኝ፣ “ግን ጨርቁ አንደኛ ነው፤ ስንቴ ታጠበ፣ አይለቅም” ብሎኝ ሒሳብ ወደ መሰብሰቡ ሄደ።

ሰዎቹ ኪስ የሚባል የኒውዮርክ ሮክ ባንድ አባላት ናቸው። ስሙ በእንግሊዝኛ መሳም ማለት ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ኪስ ሆኖ መሰማቱም ለገንዘብ ካላቸው ፍቅር አንጻር ብዙ የራቀ አይደለም። ባንዱ በ1973 ተቋቋመ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖችና ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል አባላቱ ያለዚያ ቀለም ለሕዝብ አልታዩም። ዝናቸው ጣሪያ በነካበት ጊዜ እንኳ ፎቶ አንሺ ሲመጣ ፊታቸውን በመሐረብ ይሸፍኑ ነበር።

እንግዲህ ሥዕሉ አንድ ነው። አንዱ ለዚያ ሥዕል ሲል የወጣትነት ፊቱን አሥር ዓመት ደብቋል። ሌላው ጥቂት መቶ ብር ከፍሎ ጥሩ ጥጥ አገኘ። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? የሮክ ሙዚቀኞችን አለባበስ ለዚህ መጽሐፍ የመረጥኩት ከዚህ ጥያቄ የተነሳ ነው። ብዙ ሰው ነገሩን ዕብደት፣ ሲለሰልስ ደግሞ ነጻነት ይለዋል። እኔ ሁለቱንም አላምንም።

ቆቡ ስንት ያወጣል?

በምዕራፍ ሦስት የሴሬንጌቲዋን ሚዳቋ አይተናል። የዱር ውሾች ሲመጡባት እንደ መሮጥ ትታ አራት እግሯን አገትራ ወደ ላይ ትነጥራለች። ጉልበት የምታባክን ትመስላለች፤ ለውሾቹ ግን መልእክት አላት፦ “ይህን ያህል ትርፍ አቅም አለኝ፤ ሌላዋን አሳዱ።” ውሾቹም ይሰሟታል፤ ደከም አድርገው የሚነጥሩትን መርጠው ያሳድዳሉ። ደካማዋ መዋሸት ብትፈልግ እንኳ የምትዋሽበት ጉልበት የላትም። አሞጽ ዘሃቪ የተባለው እስራኤላዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ በ1975 ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነበር፤ ምልክት የሚታመነው ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። በምዕራፍ አምስት ደግሞ ማይክል ስፔንስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ከዘሃቪ ሁለት ዓመት ቀድሞ ዲፕሎማን በተመሳሳይ ዓይን እንዴት እንዳየው ተመልክተናል። ቀጣሪ ዲፕሎማን የሚያከብረው ተማሪው ባወቀው ነገር ብቻ አይደለም። ሰነፍ ሰው ያን ያህል ዓመት ወንበር ላይ መቆየት እንደሚከብደው ያውቃል።

ይህን ሐሳብ ወደ ልብስ ስናመጣው ግን ይጎረብጣል። ልብስ ርካሽ ነዋ። ማንም ገዝቶ ይለብሰዋል። ሚዳቋዋ ዝላይ ከገበያ መግዛት አትችልም፤ እኔ ግን ነገ ጠዋት መርካቶ ወርጄ የማንንም ዓይነት ልብስ ይዤ መመለስ እችላለሁ።

እስቲ የመነኩሴን ቆብ እንውሰድ። ስንት ያወጣል? ክንድ የማትሞላ ጨርቅ ናት፤ የሰፈር ልብስ ሰፊ ቡናው እስኪፈላ ይጨርሳታል። ሆኖም “የእገሌ ልጅ ቆብ ደፋ” የተባለ ቀን ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እናት ታለቅሳለች። ያቺን ጨርቅ ያከበዳት የዘጋችው በር ነው። ትዳር ተዘጋ፣ ልጅ ተዘጋ፣ ርስትና ንግድ ተዘጋ። ከልም እንደዚያው ነው። ጥቁር ቀሚስ የሌላት ሴት የለችም። ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ሙሉ ስትለብሰው ግን ያ ቀሚስ ሰርግ ቤት ገብታ እስክስታ እንዳትወርድ፣ ፀጉሯን ተሠርታ እንዳትወጣ ይይዛታል። ሐዘኗን የምናምነው በጨርቁ ቀለም አይደለም፤ የቀረባትን ነገር እያየን ነው።

በዚህ ምዕራፍ የምይዘው ሐሳብ ይህ ብቻ ነው። እንግዳ ልብስ የለበሰ ሰው ስናይ ሁላችንም “ምን ለማለት ፈልጎ ነው?” እንላለን። መልሱ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው፤ ለባሹም ራሱ አያውቀውም። “ይህ ልብስ የትኛውን በር ዘጋበት?” ብንል ግን መልሱ ፊት ለፊት ይቆማል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ሳላነሳው ባልፍ የሙያው ሰዎች ይቆጡኛል። ዋጋው በሐቀኛው ሰው ላይ መክበድ የለበትም። ለእውነተኛ መነኩሴ ቆቡ ቀላል ነው፤ ሊያገባ አላሰበምና የዘጋው በር አይታወቀውም። የሚከብደው በአስመሳዩ ላይ ነው። አንገቱን የተነቀሰ ጊታሪስት ባንክ ቤት መቀጠር ካልፈለገ ንቅሳቱ ምንም አላስከፈለውም። ቅዳሜ ሮከር፣ ሰኞ የብድር ባለሙያ ለመሆን የሚያስብ ሰው ግን መርፌው ገና አንገቱ ሳይደርስ ያላበዋል። ምልክቱ ሁለቱን የሚለያቸው እዚህ ጋ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ የሚዋሸውን ሌሎች እንዲቀጡት ማድረግ። ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንት ልብስ በነበረበት ዘመን ተራ ሰው ጃኖ ደርቦ አደባባይ ቢወጣ “ማን ሰጠህ?” ባይ አያጣም ነበር። ጃኖ ዛሬ የሮክ ባንድ ስም ሆኗል፤ በ2012 “ኤርታሌ” የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ጃኖ ባንድ ማለቴ ነው። ልብሱ በአደባባይ ጠያቂ ካጣ በኋላ ስሙን ጊታር የያዙ ወጣቶች ለበሱት። ይህ ግን የቅጣት መንገድ ነው። ሮክ ዳኛም ደንብ አስከባሪም የለውም፤ ስለዚህ በሩን ለባሹ ራሱ መዝጋት አለበት።

ያልወለቀ ዩኒፎርም

አንገስ ያንግ በ1955 በስኮትላንዷ ግላስጎው ተወለደ። ስምንት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ አውስትራሊያ ተሰዶ ሲድኒ ገባ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ጊታሩን ያነሳ ነበር። በ1973 ከወንድሙ ከማልኮም ጋር ኤሲዲሲ የተባለውን ባንድ ካቋቋሙ በኋላ ለመድረክ የሚሆን ልብስ ይፈልግ ጀመር። ስፓይደርማን ሆኖ ሞከረ፤ ዞሮ የሚባለውን የፊልም ጀግና ሆነ፤ ጎሪላም ሆነ። በመጨረሻ እህታቸው ማርጋሬት ያንን ዩኒፎርም አስታወሰችው። ኮት፣ ክራቫት፣ ቁምጣ፣ ኮፍያ።

ሲጀመር ውሸት ነበር። በ1974 አንገስ 19 ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ካቋረጠ ቆይቷል። ተማሪ እንዲመስልም የተወለደው በ1959 ነው ተብሎ ሲወራ ኖሯል። የ19 ዓመት ጎረምሳ የተማሪ ቁምጣ ቢለብስ ምን ይከፍላል? ምንም። ቀልድ ነው፤ ነገ ያወልቀዋል።

ዋጋው የመጣው ኋላ ነው፤ እንደ አራጣ ወለድ በየዓመቱ እየተቆለለ። ሠላሳ ሲሞላ ትንሽ ማሳፈር ይጀምራል። አርባ አምስት ላይ እኩዮቹ በደህና ኮት ቃለ መጠይቅ ሲሰጡ እሱ ጉልበቱን ገልጦ ይሮጣል። በ2024 የባንዱ የአውሮፓ ጉዞ ሲጀመር አንገስ 69 ዓመቱ ነበር። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ቁምጣው ግን እዚያው ነው። እኛ ዘንድ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ሽማግሌ ተብሎ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ይላካል። በቁምጣና በተማሪ ኮፍያ የመጣን ሽማግሌ ማን ይሰማዋል? አንገስ የዘጋው በር ይህ ነው፤ በክብር የማርጀት በር። ጨርቁ ያው ጨርቅ ሆኖ ሳለ ምልክቱ በየዓመቱ እየከበደ ሄደ። ሚዳቋዋ ዘንድ ይህን አላየንም ነበር።

ወደ መድረኩ ጠጋ ብለን እንየው። የመድረክ ዩኒፎርሙ ብዙ ጊዜ ከከፋይ የተሰፋ ነው። ከፋይ ሙቀት ይይዛል፤ ላብም ይጠጣል። ሰውየው ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም፤ በአንድ እግሩ እየነጠረ መድረኩን ያቋርጣል፣ በጀርባው ተንጋሎ እየተሽከረከረ ይጫወታል። ዘፈን በዘፈን ላይ ሲደረብ መጀመሪያ ኮፍያው፣ ከዚያ ክራቫቱ፣ ከዚያ ኮቱ ይወልቃል። ቁምጣው ይቀራል።

እኔ ዩኒፎርም የለበስኩት አሥራ ሁለት ዓመት ነው። የመጨረሻውን ፈተና የጨረስን ቀን ሸሚዛችን ላይ በእስክሪብቶ ስንፈራረምበት ውለን ማታ ቀደድነው። አንገስን በቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ያ የተቀደደ ሸሚዝ ትዝ ይለኛል።

ቆብ መድፋት ካለ ቆብ መጣልም አለ። ዴቪድ ቦዊ በ1972 ዚጊ ስታርደስት የሚባል ከሌላ ዓለም የመጣ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ቀይ ፀጉር ለበሰ ማለት ይቻላል። ካንሳይ ያማሞቶ የተባለው ጃፓናዊ ዲዛይነር ከካቡኪ ቲያትር ወግ ተነስቶ የሠራለት፣ እግሩ እንደ በርሜል የተነፋ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ልብስ ዛሬም በዓይን ይቀራል። ቦዊ በዚህ ልብስ ዝናው ወደ ላይ ሲመጥቅ ሐምሌ 3 ቀን 1973 ለንደን መድረክ ላይ ቆሞ ይህ የመጨረሻው ነው አለ። ከኋላው የቆሙት ቤዝ ተጫዋቹና ከበሮ መቺው እንኳ አልተነገራቸውም ነበር። አንገስ ባለማውለቅ ከፈለ፤ ቦዊ ሰው የወደደለትን አውልቆ በመጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ሳስብ ወደ አንገስ አደላለሁ፤ ቦዊ ቢያንስ ሱሪ ለብሶ አርጅቷል።

የግብር ቢሮው ትርጉም

አባ የተባለው የስዊድን ቡድን ሮክ ነው ወይስ ፖፕ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው። በ1974 ብራይተን ላይ የዩሮቪዥንን ውድድር ሲያሸንፉ የለበሱት የሚያብረቀርቅ ጨርቅና ጉልበት የሚደርስ ቡትስ የዘመኑ ፋሽን ብቻ አልነበረም። ከአራቱ አንዱ የሆነው ብዮርን ኡልቬየስ ከዓመታት በኋላ ምክንያቱን ሲናገር የግብር ሕግ አነሳ። በስዊድን ሕግ የመድረክ ልብስ ወጪ ከታክስ የሚቀነሰው ልብሱ ለዘወትር የማይሆን ከሆነ ነበር። በዚያ ልብስ መንገድ ላይ መውጣት የማይቻል መሆን አለበት።

ይህን ሳነብ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ቀናሁ። እኔ ስንት ገጽ የፈጀሁበትን ነገር የግብር ሠራተኛ በአንድ አንቀጽ ጨርሶታል። መሥሪያ ቤቱ ልብሱ ቆንጆ ነው ወይ፣ ውድ ነው ወይ፣ ምን ይናገራል ብሎ አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ለብሰኸው ዳቦ ልትገዛ ትወጣለህ? “አልወጣም” ካልክ የመድረክ ልብስ ነው።

የታላቅ ወንድም ኮት

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የታላቅ ወንድሜን ኮት ወረስኩ። እናቴ “ታድግበታለህ” አለችኝ። በዚያ ዓመት የተነሳሁት ፎቶ ላይ እጅ የለኝም፤ እጅጌው ውጦታል። ትከሻው ወደ ክንዴ ወርዷል። ያ ኮት የሚናገረው ነገር ግልጽ ነበር፤ ሌላ መግዣ የለንም።

ዴቪድ በርን የተባለው የቶኪንግ ሄድስ ባንድ ድምፃዊም ከልኩ በጣም የሚሰፋ ኮት ለብሶ ታይቷል። ታኅሣሥ 1983 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፓንቴጅስ ቲያትር ጆናታን ዴሚ “ስቶፕ ሜኪንግ ሴንስ” የተባለውን የኮንሰርት ፊልም ቀረጸ። ሲጀምር በርን ብቻውን፣ ደህና ልኩ በሆነ ልብስ፣ ጊታርና አንድ ቴፕ ይዞ ይወጣል። ባንዱ አንድ በአንድ ይሞላል። ወደ መጨረሻው ገደማ መብራቱ ሲመለስ ሰውየው ቁም ሣጥን አክሏል። ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ሱሪው እንደ ጆንያ የተዘረጋ ሙሉ ሱፍ ለብሷል፤ ከላዩ ጭንቅላቱ እንደ ሎሚ ትንሽ ሆና ትታያለች።

ታዲያ ይህ ኮት “መግዣ የለኝም” የማይለው ለምንድን ነው? ልብስ ሰፊ ወዳጄን ፎቶውን አሳየሁት። መነጽሩን አውርዶ ጥቂት ካየ በኋላ፣ “ይሄ ተለክቶ ነው የሰፋው” አለኝ። ልክ ነው። የእኔ ኮት የሰፋው በሁሉም ቦታ ነበር፤ እጅጌውም፣ አንገቱም፣ ርዝመቱም። የበርን ኮት እጅጌ እጁን አይውጥም፤ ሱሪው መሬት አይጠርግም። ያበደው ወርዱ ብቻ ነው። ስህተቱ እንዲህ በጥንቃቄ ሲሠራ ስህተት አለመሆኑ ይታወቃል። መሳሳት የማይፈልግ ሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲህ አይሳሳትም።

ሐሳቡን ያገኘው ከጃፓን ባህላዊ ቲያትር፣ በተለይም ኖ ከሚባለው ነው። እዚያ ተዋናዩ ከፊት ሲታይ አራት ማዕዘን የሚመስል ሰፊ ልብስ ይለብሳል። በርን ራሱ የሰጠው ምክንያት ደግሞ ያስቃል፤ ጭንቅላቱ ትንሽ መስሎ እንዲታይ ፈለገ፣ ለዚያ ቀላሉ መንገድ አካልን ማተለቅ ነው።

ሐቁን ለመናገር ይህ ምሳሌ ለሐሳቤ ሙሉ በሙሉ አይታዘዝም። የኮቱ ግማሽ ምክንያት መድረክ ነው፤ ከመጨረሻው ወንበር የተቀመጠ ሰው እንዲያየው ነገር ሁሉ ተለቅ ማለት አለበት። ሆኖም የዘጋው በር አለ። የሮክ ዘፋኝ በዚያን ጊዜ የሚኖረው በሰውነቱ ነበር፤ በጠባብ ሱሪ፣ በተከፈተ ደረት። በርን በገዛ ፈቃዱ ሰውነቱን ከገበያ አወጣው። ያንን ኮት ለብሶ ቆንጆ ወንድ መባል አይቻልም።

ጭንብሉ የማን ነው?

ወደ ሚኒባሱ ቲሸርት ልመለስ። የኪስ አባላት ፊታቸውን ሲደብቁ የዘጉት በር ዝና ራሱ ነው። ሰው ታዋቂ የሚሆነው መንገድ ላይ እንዲታወቅ ነው፤ እነዚህ ግን በፖስተር ላይ በዓለም የታወቁ፣ በመንገድ ላይ ማንም የማያውቃቸው ሆኑ። መስከረም 18 ቀን 1983 በኤምቲቪ ቴሌቪዥን ፊታቸውን ታጥበው ቀረቡ። በ1996 እንደገና ተቀቡት።

ጭንብል ግን ከቁምጣ የሚለይበት ነገር አለ። አንገስ ያንግ ዩኒፎርሙን ለሌላ ሰው ማልበስ አይችልም፤ የዩኒፎርሙ ክብደት የእሱ ዕድሜ ነውና። ጭንብል ግን ይተላለፋል። ከኪስ መሥራቾች ሁለቱ ሲወጡ የእነሱን ፊት ሌሎች ሰዎች ተቀቡት፤ የድመቱንም፣ ብር የተቀባውንም። ቀለሙ ድርጅቱ ዘንድ ቀረ፤ ሰዎቹ ሄዱ። ከአሜሪካዋ ዴሞይን ከተማ የተነሳው ስሊፕኖት ነገሩን ከመጀመሪያው አውቆት የገባ ይመስላል። ዘጠኝ ሰዎች፣ ዘጠኝ ጭንብል፣ እንደ ጋራዥ ሠራተኛ አንድ ዓይነት ቱታ፣ ከስም ይልቅ ከ0 እስከ 8 የሚደርስ ቁጥር። ሰው ሲቀየር አዲሱም ጭንብል አጥልቆ ሥራው ይቀጥላል።

እንግዲህ ለባሹ ሊቀየር የሚችል ከሆነ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ኪስ ታኅሣሥ 2 ቀን 2023 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሲጨርስ ሰዎቹ ወረዱና በስክሪን ላይ በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎቻቸው መጫወት ጀመሩ። ከሥራው ጀርባ ያለው ፖፕሃውስ የሚባል የስዊድን ኩባንያ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ቅድም በግብር ጉዳይ ያገኘነው ብዮርን ኡልቬየስ መሆኑን ሳውቅ እንደገና ሳቅሁ። ምስል አያልበውም። ሶሉ ስንዝር የሚጠጋ ቡትስ ቁርጭምጭሚቱን አያሳብጠውም። በሚዳቋዋ ቋንቋ፣ ዝላይ አለ፣ ሚዳቋ ግን የለችም። ተመልካች ይህንን ምን ያህል እንደሚያምነው የሚታየው ገና ነው፤ እኔ ቲኬት አልቆርጥም።

ጥቁር ቆዳ በካላሃሪ ፀሐይ

እስካሁን ያየናቸው ሰዎች ሀብታሞች ናቸው። ለዚህ ምዕራፍ ከሁሉ የሚበልጠውን ምሳሌ የምናገኘው ግን ቦትስዋና ነው፤ ለባሾቹም አብዛኞቹ መድረክ የማይወጡ ተራ ሰዎች ናቸው።

በቦትስዋና ከሮክ ሁሉ የሚከብደውን፣ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ በሴትስዋና ቋንቋ ማሮክ ይባላሉ። ረስት፣ ስኪንፍሊንት፣ ኦቨርትረስት የሚባሉ የአገሩ ባንዶች አሏቸው። ፍራንክ ማርሻል የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ ፎቶ አንሺ ካነሳቸው በኋላ በዓለም ታወቁ። ምስላቸውን ያየ ሰው አይረሳውም። ከአናት እስከ እግር ጥቁር ቆዳ፦ ቆዳ ጃኬት፣ ቆዳ ሱሪ፣ ክንድ ሙሉ የብረት ካስማ፣ ሰንሰለት፣ የላም ጠባቂ ባርኔጣ። ቆዳው ከአገሩ የራቀ ነገር አይደለም፤ ቦትስዋና የከብት አገር ናት። ባርኔጣውም ከፊልም ብቻ አልመጣም፤ ከብዙዎቹ ጀርባ የከብት ጣቢያ አለ።

አሁን የአየሩን ጠባይ አስቡ። አገሩ አብዛኛው የካላሃሪ በረሃ ነው፤ በበጋ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። እኛ እንድንረዳው፣ ሰው በግንቦት እኩለ ቀን ሰመራ ላይ ቆዳ ሱሪና ቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ሰንሰለት አንጠልጥሎ በእግሩ ሲሄድ ማለት ነው። ጥላ ሥር የተቀመጡት ያዩታል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ጃኬቱን አያወልቅም።

ለንደን ውስጥ ቆዳ ጃኬት ይሞቃል፤ ደስም ይላል። ስለዚህ እዚያ ስለ ለባሹ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ብርድ ሊሆን ይችላል። በጋንዚ ከተማ የበጋ ቀትር ግን ብርድ ነው ብሎ ማመካኘት አይቻልም። ያው ጃኬት ቦታ ሲቀይር ዋጋው ተቀየረ፤ በዋጋውም መታመኑ። ይህን ሙዚቃ የፈጠሩት የበርሚንግሃም እንግሊዞች በአገራቸው ቆዳ ሲለብሱ ካላሃሪ ላይ የሚለብሱትን ያህል አልከፈሉም። በዚህ መለኪያ ከሄድን ከበርሚንግሃም ይልቅ ጋንዚ ሜታል ነው።

ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ጥቁር ለብሶ የራስ ቅል ያንጠለጠለ ሰው ሃይማኖተኛ በሆነ አገር ሰይጣን አምላኪ መባሉ አይቀርም። ሴቶቹ ደግሞ እጥፍ ይከፍላሉ፤ እናትም ሚስትም ሆነው ያንን ልብስ ሲለብሱ ጎረቤት ዝም አይልም። ማሮኮቹ ለዚህ የሰጡት መልስ ደስ ይለኛል። ክርክር ውስጥ አልገቡም፤ ጨዋ ሆኑ። የኦቨርትረስት መሪ ድምፃዊ በሙያው ፖሊስ ነው። ባንዱ ጋንዚ ላይ የሚያዘጋጀው የሜታል ፌስቲቫል ለተቸገሩ እርዳታ የሚሰበሰብበትም ነው። እንዲህ ባለ ልብስ ከተማ ውስጥ የሚዞር ሰው ክፉ መሥራት አይመቸውም፤ ከሩቅ ይታወቃላ። ልብሱ ይህንንም በር ዘግቶታል።

ከሰልባጅ ወደ ሐራጅ

የቀረን ከርት ኮቤይን ነው፤ የኒርቫና ባንድ መሪ። እሱ ጉዳዩን ገልብጦ ያሳየናል። የአሜሪካን ሰልባጅ ይለብስ ነበር፤ የተቀዳደደ ጂንስ፣ የአያት የሚመስል ሹራብ፣ ባለ መስመር የፍላኔል ሸሚዝ። አንዳንዴም አበባ ያለው የሴት ቀሚስ ለብሶ ይወጣል። ቀሚሱ ምን እንደዘጋ ግልጽ ነው፤ በሮክ ዓለም ሲንጎራደድ የኖረውን የወንድነት ኩራት። ሸሚዙና ሹራቡ ግን ምን ይዘጋሉ? እሱ ባደገበት የእንጨት ቆራጮች አካባቢ ማንም የሚለብሰው ነው።

መልሱ የታየው ሌሎች ሲቀዱት ነው። ኅዳር 1992 ማርክ ጄኮብስ የተባለው ወጣት ዲዛይነር ፔሪ ኤሊስ ለተባለው የኒውዮርክ ፋሽን ቤት የዚህን አለባበስ ስብስብ አቀረበ። ሸሚዙ ያው ባለ መስመር ፍላኔል ይመስላል፤ ሲነካ ግን ሐር ነው። ጄኮብስ ከሥራው ተባረረ። ናሙናው ለኮቤይንና ለሚስቱ ለኮርትኒ ላቭ ተልኮላቸው ነበር፤ እሷ በኋላ እንደተናገረችው አቃጠሉት። ነገሩ ገባኝ። የእነሱ ሸሚዝ ሀብታም የመምሰልን በር የዘጋ ነበር፤ ሐር ሲሆን በሩ ተመልሶ ወለል ብሎ ተከፈተ። መስመሩም ቀለሙም አልተለወጠም። የቀረው ዋጋው ነው።

ኅዳር 18 ቀን 1993 ኮቤይን ኒውዮርክ ውስጥ ለኤምቲቪ ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወት አረንጓዴ የሚመስል፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው አሮጌ ሹራብ ለብሶ ነበር። በሚያዝያ ሞተ። ሹራቡ በ2019 በሐራጅ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሸጥ 334,000 ዶላር አወጣ። ሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ አለው፤ እድፍም አለው። ከዚያ ወዲህ ታጥቦ አያውቅም፤ ቢታጠብ ዋጋው ይወርዳል። አሁን ማንም አይለብሰውም።

የሚኒባሱ ረዳት ቲሸርቱን በየሳምንቱ ያጥበዋል። አይለቅም ያለኝን ሳልመረምር አልቀረሁም፤ ስወርድ ጠጋ ብዬ አየሁት። ኮከቡ ደህና ነው። የዚያኛው ምላስ ግን ከመሐሉ ተሰነጣጥቆ ጫፉ ላይ የቀረው ሮዝ ነጠብጣብ ብቻ ነው።